ከባዶ እግር እስከ ተሽከርካሪ ወንበር፤ የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወትና ሥራ

ጎህ ሲቀድ በምዕራብ አዲስ አበባ ከኮልፌ ቀራንዮ ሠፈሮች ተነሥቶ ወደ ከተማው ዳርቻ በሚዘልቀው መንገድ ላይ አንዳንዱ በብስክሌት፣ አብዛኛው በእግሩ የሚገሠግሠውን ወጣት ማየት የተለመደ ነው። ከእነዚህ ወጣቶች መካከል የአበበ ቢቂላን ስም የማያውቅ አይገኝም። ስለ እርሱ የሚያውቁት ግን ባመዛኙ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በባዶ እግሩ ሮጦ ሮማ ላይ ማሸነፉን ነው። ነገሩ እውነት ቢሆንም ሙሉ እውነት አይደለም። ድሉ ያለ ዝግጅት ከሰማይ የወረደ የሚመስለው ወጣት ልምምዱን ያቃልላል፤ የጀግናን ጽናት ሕመምን ከመናቅ ጋር አንድ አድርጎ የሚያይ አሠልጣኝም የተጎዳን እግር ያስሮጣል። ስለዚህ የአበበ የሕይወት ታሪክ ለአሠልጣኙ፣ ለአካል ማጎልመሻ መምህሩና ለሐኪሙ ከዝና ትረካ በላይ ነው፤ ዝግጅት፣ መሣሪያ፣ ጉዳትና ተሐድሶ በአንድ ሰው አካል ላይ በተራ የታዩበት ሕያው መዝገብ ነው።

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ ውስጥ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። ያ ዕለት በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶን የተሮጠበት ቀን መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ሕፃንነቱ ከጠላት ወረራ ጋር የተገጣጠመ በመሆኑ ቤተ ሰቡ ቀዬውን ለቆ ለመሰደድ ተገዶ ነበር። ከነፃነት በኋላ እንደማንኛውም የገበሬ ልጅ በእርሻና በከብት ጥበቃ መካከል አደገ። በዓሉ ሲደርስም ከእኩዮቹ ጋር ገና ይጫወት ነበር። የገና ጨዋታ በዚያ አገር ሜዳው በገመድ አይለካም፤ ግቡና ግቡ አንዳንድ ጊዜ ኪሎ ሜትሮች ይራራቃሉ። እንግዲህ የልጅነት እግሩ ረጅም መንገድ መሮጥን የተማረው አሠልጣኝ ሳያየውና ሰዓት ሳይያዝለት ነው። የእግሩ ቆዳም የጠነከረው በዚሁ ዘመን ነበር።

በ1940ዎቹ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ጦር በወታደርነት ተቀጠረ። በክብር ዘበኛ ውስጥ ስፖርት የሥራው አካል እንጂ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አልነበረም። ለወታደሮቹ የአካል ማጎልመሻ ትምህርት ይሰጡ ከነበሩት መካከል ከስዊድን የመጡት ኦኒ ኒስካነን ይገኙ ነበር። ኒስካነን በ1938 ዓ.ም. ግድም ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ቀሪ ዕድሜያቸውን አብዛኛውን በዚህች አገር ያሳለፉ ሰው ናቸው። ወጣቱ ወታደር ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ ደርሶ መልስ መሮጥ ልማዱ ነበርና የአሠልጣኙን ዓይን ለመሳብ ብዙ አልቆየም። በ1948 ዓ.ም. አካባቢ በተካሄደ የጦር ኃይሎች ውድድርም በጊዜው ስመ ጥር በነበረው በዋሚ ቢራቱ ተቀድሞ ሁለተኛ ሆነ።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ ነው። ወደዚያ የተጓዘው ቡድን በሯጮችና በብስክሌተኞች የተዋቀረ ሲሆን፣ ከሯጮቹ መካከል ኋላ የማራቶን ባለ ድል የሆነው ማሞ ወልዴ ይገኝበት ነበር። አበበ በዚያ ጉዞ አልነበረም። ቡድኑም ሜዳይ ሳያገኝ ተመለሰ። ይሁንና ከዚያ ጉዞ የተገኘው ልምድ በቀላሉ የሚገመት አልነበረም። የአገሪቱ ስፖርተኞች ከዓለም ጋር ያላቸው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ በሰዓት ተለክቶ ታወቀ፤ የሚለካ ርቀትም ሊጠበብ የሚችል ርቀት ነው።

ከዚህ በኋላ የተደረገው ዝግጅት በትዕግሥት የተመላ ነበር። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት ከተማ ረጅም የሀገር አቋራጭ ሩጫ ከፍጥነት ልምምድ ጋር እየተፈራረቀ ይሰጥ ጀመር። አየሩ ስስ በሆነበት ሥፍራ የሚኖርና የሚለማመድ ሰው ደሙ ኦክስጅን የመሸከም ኃይሉ እንደሚጨምር ዛሬ በትምህርት ቤት የሚነገር ጉዳይ ነው። በዚያን ጊዜ ግን የስፖርት ዓለም ከፍታን በቁም ነገር የመረመረው ገና ከዓመታት በኋላ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ሲቃረብ ነበር። በሐምሌ ወር 1952 ዓ.ም. አበበ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ ማራቶኑን ሮጦ አሸነፈ። በሚቀጥለው ወር እንደገና ሲሮጥ ርቀቱን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ፈጸመ። ይህ ሰዓት ቼኮዝሎቫኪያዊው ኤሚል ዛቶፔክ በ1944 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የተሻለ ነበር። አበበ ወደ ሮማ የሄደው በመጨረሻው ሰዓት በአጋጣሚ ተተክቶ ነው የሚለው ወሬ ለብዙ ዓመታት ሲነገር ኖሯል። ያ የነሐሴ ወር ሰዓት ግን ወሬውን ያፈርሰዋል። ያን የመሰለ ውጤት በከፍታ ላይ ያስመዘገበ ሯጭ ዕጩ ነው እንጂ ማሟያ አይደለም።

ሮማ ላይ የተፈጠረው የጫማ ጉዳይ በባለሙያ ዓይን ሊታይ ይገባዋል። አበበ በዚያው የገዛው አዲስ ጫማ እግሩን እየፋቀ ውኃ አስቋጠረው። በዚህ ጊዜ ሁለት ምርጫ ነበረው፤ ያልለመደውን ጫማ ተጫምቶ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር መሮጥ፣ ወይም ከልጅነት ጀምሮ በለመደው በባዶ እግሩ መሮጥ ነው። የመረጠው ሁለተኛውን ነው። ምርጫው ከድህነት የመጣ አልነበረም፤ ለትዕይንትም አልተደረገም። ብስክሌተኛ የመቀመጫውን ከፍታ በእግሩ ርዝመት ልክ እንደሚያስተካክል፣ በውድድር ዋዜማም አዲስ ኮርቻ እንደማይሞክር ሁሉ፣ አበበም አካሉ የማያውቀውን መሣሪያ በታላቁ ቀን አልቀበልም አለ። በእግር ጫፍ ላይ የሚጨመር ክብደት ጉልበት እንደሚበላ፣ በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ቢጨመር የኦክስጅን ፍጆታ በ1 ከመቶ ያህል ከፍ እንደሚል ኋላ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ሆኖም ከዚህ ትምህርት መውሰድ የሚገባው ሰው ጫማውን ይጣል የሚል አይደለም፤ መሣሪያው ከሰውየው ጋር ይስማማ የሚል ነው። ያልጠነከረ እግር ይዞ አበበን ለመምሰል የሚሞክር ጀማሪ የሚያተርፈው ቁስል ብቻ ነው።

ውድድሩ የተደረገው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። በኢትዮጵያ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል ሩጫው የተጀመረው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትቃረብ ሲሆን፣ መነሻው በካፒቶሊን ኮረብታ ግርጌ፣ መድረሻው ደግሞ በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር ነበር። ሲመሽ በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ግራና ቀኝ የቆሙ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። በአገር ቤት በየደጁ ችቦ በሚበራበት ማታ አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር በሮማ የችቦ ብርሃን መካከል ይሮጥ ነበር ማለት ነው። ከውድድሩ አጋማሽ በኋላ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም በስተቀር አብሮት የቀረ አልነበረም። ሁለቱ ጎን ለጎን በጨለማ ውስጥ ብዙ ኪሎ ሜትር ሄዱ።

በመንገዱ ላይ ፋሺስቶች በወረራው ዘመን ዘርፈው የወሰዱት የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። አበበና አሠልጣኙ መንገዱን አስቀድመው ሲያጠኑ ከመድረሻው ጥቂት ቀደም ብሎ የሚገኘውን ይህን ሥፍራ የመጨረሻው ፍጥነት መጀመሪያ ምልክት እንዲሆን መርጠውት ነበር። አበበም በዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨምሮ ተለየ፤ ራዲም ሊከተለው አልቻለም። ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ሆኖ ተመዘገበ። ሁለተኛውን የቀደመው በ25 ሴኮንድ ሲሆን፣ የሶቪየት ኅብረቱ ሰርጌይ ፖፖቭ ይዞት የነበረውን የዓለም ክብረ ወሰን ያሻሻለው አንድ ሴኮንድ እንኳ በማይሞላ ልዩነት ነበር። ባልንጀራው አበበ ዋቅጅራም 7ኛ ሆኖ ፈጸመ። የኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳይ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ አበበ ነው። ሐውልቱ ራሱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ አክሱም ላይ ዳግም የተተከለው በ2000 ዓ.ም. ነው።

ወደ አገሩ ሲመለስ የተደረገለት አቀባበል ታላቅ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሸለሙት፤ በማዕርግም ከፍ አደረጉት። ነገር ግን ሦስት ወር ሳይሞላ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዦች የመንግሥት ግልበጣ ሞክረው ከሸፈ። አበበ በነገሩ ቀጥተኛ ተሳትፎ ባይኖረውም የክብር ዘበኛ ወታደር እንደመሆኑ መጠን ለአጭር ጊዜ ታስሮ ተመረመረ፤ ከዚያም ተለቀቀ። ዝና ከዘመን መከራ እንደማያስጥል በዚህ አየ።

በ1953 እና በ1954 ዓ.ም. በአቴና፣ በኦሳካና በኮሺስ ከተሞች የተደረጉትን ማራቶኖች በተከታታይ አሸነፈ። በእነዚያ ዓመታት ረጅም ጉዞና የአካል ጥንካሬ በአዲስ አበባ የጦር ሠፈሮች ምን ያህል ቦታ ይሰጣቸው እንደነበር ከሌላ ታሪክም መገንዘብ ይቻላል። በ1954 ዓ.ም. ክረምት የደቡብ አፍሪካው የነፃነት ታጋይ ኔልሰን ማንዴላ የውትድርና ትምህርት የቀሰሙት በኮልፌ በነበረው የፖሊስ ሠራዊት ሠፈር ሲሆን፣ ከትምህርቱ ዋና ክፍሎች አንዱ መሣሪያና ስንቅ ተሸክሞ አድካሚ መንገድ በእግር መጓዝ ነበር። የአበበ ጦር ሌላ ቢሆንም ሁለቱም የኖሩት እግርን የወታደር የመጀመሪያ መሣሪያ አድርጎ በሚቆጥር ሥርዓት ውስጥ ነበር።

በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. በአሜሪካ በተደረገው የቦስተን ማራቶን አበበና ማሞ ወልዴ ከመነሻው ጀምሮ እጅግ በፈጠነ አረማመድ መሩ። ከ29ኛው ኪሎ ሜትር ግድም በኋላ ግን ቀዝቃዛው ነፋስና ዳገቱ ጡንቻቸውን አኮማተረው። አበበ 5ኛ ሆኖ ፈጸመ። ከሀገር ውጭ ጀምሮ በፈጸማቸው ማራቶኖች ሁሉ የተሸነፈው በዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የቦስተን ትምህርት ግልጽ ነበር። ብርታት ያለ ስሌት አያዋጣም፤ አየሩና መንገዱ አስቀድሞ ካልተጠና የተዘጋጀ አካልም ይከዳል።

ይህን ትምህርት አለመርሳቱ በቶኪዮ ታየ። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲቃረብ አበበ በደብረ ዘይት በልምምድ ላይ ሳለ ሆዱን ታመመ። ሕመሙ የትርፍ አንጀት መሆኑ ታውቆ መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ማራቶኑ ሊሮጥ የቀረው 35 ቀን ነበር። በጥቂት ቀን ውስጥ ተነሥቶ መራመድ ጀመረ፤ ሳምንት ሳይሞላም ከሆስፒታል ወጣ። እዚህ ላይ መታየት ያለበት የሰውየው ጽናት ብቻ አይደለም። በዓመታት ልምምድ የተገነባ አካል ሁለትና ሦስት ሳምንት ዕረፍት በማድረጉ እንደማይፈርስ፣ ይልቁንም በወቅቱ የታከመ ሕመም ከተደበቀ ሕመም የቀለለ መሆኑ ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በተደረገው ውድድር አበበ በዚህ ጊዜ ጫማ ተጫምቶ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክና አየርላንዳዊው ጂም ሆጋን ሲፈጥኑ እርሱ አልተጣደፈም። ቀስ በቀስ ተጠግቶ መሪነቱን ያዘ፤ ከአጋማሹ በኋላ ብቻውን ሆነ። ትከሻው ያልተወጠረ፣ ራሱ የማይናወጥ፣ እጆቹ ዝቅ ብለው የሚወዛወዙ፣ ፊቱ ድካም የማያሳይ ሯጭ እንደነበር የቀረው ፊልም ያሳያል። የአሯሯጥ ሥርዓት ውበት ብቻ ሳይሆን ጉልበት ቆጣቢነት መሆኑን ለማስተማር ከዚያ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ በሆነ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን ሲፈጽም፣ ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ ከአራት ደቂቃ በላይ ርቆ ነበር። ሌሎቹ ከመድረሻው መስመር እየደረሱ ሲወድቁ አበበ በሜዳው ሣር ላይ የሰውነት ማፍታቻ ይሠራ ነበር። የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ሲደርስ የሙዚቃ ጓዱ የኢትዮጵያን መዝሙር ስላላወቀ የጃፓንን መዝሙር አሰማ። በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው አበበ ነው። ከሽልማቶቹ መካከል አንዲት ነጭ ቮልስዋገን መኪና ነበረች።

ከቶኪዮ በኋላም በጃፓን፣ በስፔንና በኮሪያ ድል አደረገ። ነገር ግን በ1959 ዓ.ም. ክረምት በስፔን ሳራውዝ ከተማ ሲሮጥ የጭኑ ጅማት ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ እግሩ ሙሉ ጤና አላገኘም። በ1960 ዓ.ም. ለሕክምና ወደ ጀርመን አገር ተልኮ ነበር። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶን ሲሰለፍ የአገሩ ሕዝብ ሦስተኛ ድል ይጠብቅ ነበር። አበበ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ሕመሙ ስላላስኬደው ከውድድሩ ወጣ። ማሞ ወልዴ ግን ቀጥሎ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ አሸነፈ፤ የማራቶኑ ወርቅም ለሦስተኛ ጊዜ በተከታታይ የኢትዮጵያ ሆነ። መራወ ገብሩም 6ኛ ወጣ። የአበበን ከውድድር መውጣት እንደ ውድቀት የሚቆጥሩ ነበሩ። በሙያው ያሉ ሰዎች ግን ሌላውን ገጽ ማየት ይገባቸዋል። አንድ ሕዝብ በአንድ ሰው እግር ላይ ብቻ ተስፋውን ሳይጥል ሁለተኛና ሦስተኛ ሯጭ አብሮ ያሳደገ አሠለጣጠን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የታየው በዚያን ዕለት ነው።

ሜክሲኮ የመጨረሻው ማራቶን ሆነ። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት አበበ በሸኖ መንገድ ቮልስዋገኑን ሲነዳ ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። እስኪነጋ ድረስ ከመኪናዋ ሥር ተይዞ ቆየ። የአንገቱ አከርካሪ ተጎድቶ ስለነበር መጀመሪያ ላይ እጆቹንም እግሮቹንም ማንቀሳቀስ አልቻለም። በሳምንት ጊዜ ውስጥ ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ።

ይህ ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳት ሕክምናን መልክ የለወጡት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን የሠሩበት ነው። ከእርሳቸው በፊት ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ሞቱን እንዲጠብቅ ይተው ነበር። ጉትማን ግን የአልጋ ቁስልንና የሽንት መሥመር ልክፈትን በመከላከል፣ ከዚያም በሽተኛውን በሥራና በስፖርት በማንቃት ወደ ሕይወት መለሱት። በ1940 ዓ.ም. በዚያው ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የጀመሩት የጉዳተኞች ውድድር አድጎ ፓራሊምፒክ የተባለው ሲሆን፣ የመጀመሪያው የተደረገው በሮማ ከተማ አበበ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ ነበር። በዚያን ጊዜ ሯጩም ሆነ አገሩ በዚህ ውድድር ውስጥ ጉዳይ ይኖራቸዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ስምንት ወር ያህል በፈጀው ሕክምና አበበ እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን ዳግመኛ አልሄዱም።

ሯጭ እግሩን ሲያጣ የሚቀረው ምንድን ነው? አበበ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ሥራ ነበር። በሐምሌ 1962 ዓ.ም. ለንደን አጠገብ በተደረገው የስቶክ ማንደቪል ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በተደረገ የአካል ጉዳተኞች ውድድር በእንግድነት ተጋብዞ ሳለ በውሾች በሚሳብ የበረዶ ጋሪ ከ16 ተወዳዳሪዎች ጋር ተሰልፎ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ አንደኛ ሆነ። የበረዶ ጋሪ የማይታወቅበት አገር ልጅ በበረዶ ላይ ማሸነፉ ለወሬ የሚጥም ነገር ነው። ለተሐድሶ ሕክምና ባለሙያ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ልምምድን የለመደ አእምሮ አካሉ ቢለወጥም ሥርዓቱን እንደያዘ መቆየቱን፣ ዓላማ ሲሰጠውም የቀረውን ጡንቻ እስከ ዳር እንደሚሠራበት ያስረዳል።

በሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት ተገኝቶ በተሽከርካሪ ወንበሩ ሲገባ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት። በዚያ ኦሊምፒክ ማራቶኑ የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ነበር፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሮማው ድል 12 ዓመት ሲሞላ በዚያው በዘመን መለወጫ ዋዜማ ማለት ነው። ማሞ ወልዴ 3ኛ ወጣ፤ ሰዓቱም አበበ በሮማ የዓለም ክብረ ወሰን ካደረገበት ሰዓት በጥቂት ሴኮንዶች የተሻለ ነበር። አሸናፊው አሜሪካዊ ፍራንክ ሾርተርም ሜዳዩን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ የአበበን እጅ ጨበጠ።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ከአደጋው ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ ምክንያት ዐረፈ። ባለቤቱን ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስንና አራት ልጆቹን ትቷል። የሐዘን ቀን ታውጆ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት፣ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ አጅቦት በወታደራዊ ሥነ ሥርዓት አዲስ አበባ በሚገኘው በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ተቀበረ።

ከዚያ ወዲህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል። ጫማው ቀሏል፤ መንገዱ ለስልሷል፤ የማራቶን ሰዓትም አበበ በቶኪዮ ካስመዘገበው ከአሥር ደቂቃ በላይ ወርዷል። የአሠልጣኙና የሐኪሙ ጥያቄዎች ግን ያው ናቸው። ተወዳዳሪው ተለክቷል ወይስ ተገምቷል? መሣሪያው ከአካሉ ጋር ተስማምቷል? ሕመሙ ታክሟል ወይስ ተሸፍኗል? አንዱ ሲቀር የሚተካው ሰው ተዘጋጅቷል? አደጋ ሲደርስ ሰውየው ከነክብሩ የሚመለስበት መንገድ አለ? በማለዳ ከኮልፌ ቀራንዮ ተነሥቶ ለሚሮጠው ወጣት የአበበ ስም ብቻውን እግር አይሆነውም። ከስሙ ጋር ሥርዓቱን የሚያወርሰው ባለሙያ ያስፈልገዋል።